እንግዳ ተቀባዮቹን እንቀበል

በናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የማኅበራችንን ኢዮቤልዩ በምናከብርበት በዚህ ዓመት፣ የተማሪዎች ልውውጥ በጎ ፈቃደኞች ለሀገር አቀፍ ስብሰባቸው ከየከተማው ወደ አዳራሻችን ይመጣሉ። ደጃችንን የከፈትንላቸው በታሪክ ምክንያት ነው።

ልውውጡን የወለደው በጎ ፈቃደኝነት ነው። አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ቁስለኞችን በአምቡላንስ ያመላለሱ ወጣቶች ድርጅት ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ እነዚያው ሹፌሮች መክረው ተማሪዎችን በቤተሰብ ዘንድ እያስተናገዱ ወደማለዋወጥ ዞሩ። ዛሬም እንግዳውን ተማሪ የሚቀበለው፣ ቤተሰብ የሚፈልግለት፣ ሲከፋው የሚያጽናናው በጎ ፈቃደኛው ነው።

የሀገራችንም ድርሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ በአክራው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ለአፍሪካ ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል መስጠቷን አስታወቀች። ከኬንያና ከሌሎች ሀገሮች የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ላይ ተማሩ፤ በኋላ የኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኦኮም የአዲስ አበባ ተማሪ ነበሩ። እንግዶቹ በተራቸው ስለ ነጻነት ትግል እያወጉ የእኛን ተማሪዎች ዓይን ከፈቱ። ከ1974 አብዮት በኋላ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን ተሰደው በኬንያ ተጠለሉ።

ስለዚህ ለእነዚህ ወጣቶች መኝታና እራት ስናዘጋጅ ውለታ እንመልሳለን። እናቶች እንጀራውን፣ ልጆቻችን መስተንግዶውን ይዘዋል። ሌላውን ሲያስተናግዱ የኖሩትን ለአንድ ሰሞን እኛ እናስተናግዳቸው። እንኳን ደህና መጣችሁ!