እየሠሩ ለሚማሩ ጎልማሶች በዩናይትድ ስቴትስ ያለው የገንዘብ ድጋፍ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ቀን ሥራ ውለው ማታ ለመማር ከሚያስቡ ኢትዮጵያውያን መካከል የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ «ለልጆች ነው» ብለው ማመልከቻውን ሳይሞሉ የሚቀሩ አሉ። ድጋፉ ከሁለተኛ ደረጃ በቅርቡ ለወጣና ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት ለሚያውል ወጣት ብቻ የታሰበ ይመስላቸዋል። የፌዴራሉ ሕግ ግን የዕድሜ ጣሪያ የለውም፤ በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ለሚወስድ ተማሪም ቢሆን በሩን አልዘጋም። ልዩነት የሚያመጡት ሌሎች ጉዳዮች ናቸው፦ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚወሰደው የክሬዲት ብዛት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪው ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ዲግሪ።

መነሻው «ፋፍሳ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የፌዴራል የተማሪዎች ድጋፍ ማመልከቻ ነው። «ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ» በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይሞላል፤ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር በነጻ የሚገኘውን እየሸጠ ነው። ዕድሜው 24 ዓመት የሞላው፣ ያገባ ወይም የሚያስተዳድረው ልጅ ያለው አመልካች ራሱን እንደቻለ ስለሚቆጠር የወላጆቹን ገቢ አይጠየቅም። የሚታየው የራሱና የትዳር ጓደኛው ገቢ ነው፤ እሱም ቢሆን የሁለት ዓመት በፊቱ። በአውሮፓ አቆጣጠር ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የሚመዘነው የ2024 የግብር መረጃ ነው። በመሀል ከሥራ የወጣ ወይም የሥራ ሰዓቱ የተቀነሰበት ሰው ማመልከቻውን ከሞላ በኋላ፣ የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ አሁን ያለበትን ሁኔታ ተመልክቶ ስሌቱን እንዲያስተካክልለት ማስረጃ አያይዞ መጠየቅ ይችላል። ቢሮዎቹ ይህን የማድረግ ሥልጣን በሕግ ተሰጥቷቸዋል፤ ካልተጠየቁ ግን ከቅጹ ውጪ ያለውን ችግር የሚያውቁበት መንገድ የለም።

ግሪን ካርድ ያላቸው፣ በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች እንደ ዜጎች ሁሉ ያመለክታሉ። በዲቪ የመጣ ሰው ለፌዴራሉ ድጋፍ ዓመት መጠበቅ የለበትም። ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪዎች የተወሰነውን ዝቅተኛ የትምህርት ክፍያ ለማግኘት ግን ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነዋሪነት ይጠየቃል። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ውሳኔ ያላገኘና በጊዜያዊ ከለላ ብቻ የሚኖሩ ሰዎች የፌዴራል ድጋፍ አያገኙም። ሆኖም ሜሪላንድንና ሚኒሶታን የመሳሰሉ ክፍለ ግዛቶች የፌዴራሉን ቅጽ መሙላት ለማይችሉ የተወሰኑ ነዋሪዎች የራሳቸውን ማመልከቻ አዘጋጅተዋል።

ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተማሪ ዋነኛው ድጋፍ የማይመለሰው ፔል ግራንት ነው። በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ከ2024 ወዲህ የትርፍ ጊዜ ተማሪ ድርሻ የሚሰላው፣ የሙሉ ጊዜ መለኪያ ከሆነው 12 ክሬዲት አንጻር ነው። ለከፍተኛው መጠን ብቁ የሆነ ሰው በየሴሚስተሩ 6 ክሬዲት ቢወስድ በዓመት ግማሹን፣ ማለትም 3,700 ዶላር ገደማ ያገኛል። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ብቻ ቢወስድ ደግሞ ሩቡን። በዕድሜ ልክ የተፈቀደው የ12 ሙሉ ሴሚስተር ድጋፍም ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው፤ በግማሽ ጊዜ የሚማር ሰው በሴሚስተር የሚቀነስበት ግማሽ ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ጉዳይ የዲግሪው ነው። ለአብነት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ የመጣና እዚህ የነርስነት ትምህርት በማታ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው እንውሰድ። ፔል ግራንት የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌላቸው ነው። ዲግሪው ውጭ አገር የተገኘ መሆኑ፣ አሠሪዎች የማይቀበሉት መሆኑ፣ ባለቤቱም ሆቴል ውስጥ ክፍል የሚያጸዳ መሆኑ በራሱ ደንቡን አይለውጠውም። ሥራ ሲፈለግበት የማይቆጠረው ዲግሪ ድጋፍ ሲጠየቅ መቆጠሩ ብዙዎችን ቢያስከፋ አይገርምም።

ይሁንና የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ኮሌጁ ነው። ተማሪው ዲግሪው ከአሜሪካው የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር እኩል አለመሆኑን በጽሑፍ ማስረጃ ካሳየ፣ ኮሌጁ ዲግሪ እንደሌለው ሊቆጥረው ይችላል። ይህ በተለይ በኢትዮጵያ ለዓመታት በሦስት ዓመት ይሰጡ የነበሩ ዲግሪዎች ያሏቸውን ሰዎች ይመለከታል፤ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ የሚገመግሙ ድርጅቶች ለነዚህ የሚሰጡት ግምት ሊለያይ ይችላልና። ከኮሌጅ ዲፕሎማ ብቻ ያለው ሰው ይህ ክልከላ አይነካውም። አንዳንድ ወዳጆች «ዲግሪህን አትጥቀስ» ብለው ይመክሩ ይሆናል። ምክሩ አደገኛ ነው። በማመልከቻው ላይ አውቆ ሐሰት መጻፍ እስከ 20,000 ዶላር መቀጮና እስራት ሊያስከትል ይችላል፤ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ላልተቋጨ ሰው ደግሞ ጣጣው በዚያ ላያበቃ ይችላል።

ፔል ግራንት ያልተፈቀደለት ባለ ዲግሪ ሌሎች አማራጮች አሉት። ከሁሉ አስቀድሞ አሠሪውን መጠየቅ ይበጀዋል። ድርጅቶች ለሠራተኛቸው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍሉ ሠራተኛው በዚያ ላይ የፌዴራል ግብር አይከፍልም፤ ሆስፒታሎችን ጨምሮ በርካታ ትልልቅ አሠሪዎች ይህን የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው። ከኪሱ የከፈለ ሰው ደግሞ ከኮሌጁ የሚላክለትን 1098-ቲ የተባለ ቅጽ ይዞ ለግብር አሠሪው ማሳየት አለበት። «ላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት» የተባለው ቅናሽ ከክፍያው የመጀመሪያ 10,000 ዶላር ላይ 20 በመቶውን፣ ማለትም በዓመት እስከ 2,000 ዶላር ከሚከፈለው ግብር ላይ ይቀንሳል። አንድ ኮርስ ብቻ ለወሰደም ይሠራል፤ የዓመት ገደብም የለውም። የገቢ ጣሪያ ግን አለው፤ ግብር የማይደርስበት ሰውም አይጠቀምበትም።

ለነርስ ረዳትነት ወይም ለከባድ መኪና ማሽከርከር ፈቃድ የሚያበቁ አጫጭር ሥልጠናዎችን የሚፈልግ ሰው በየአካባቢው ያሉትን የመንግሥት የሥራ ማዕከላት ቢጠይቅ ይሻላል፤ በ2014 በወጣው የሠራተኛ ኃይል ሕግ መሠረት ለሥልጠና የሚውል ገንዘብ አላቸው። ከሐምሌ 2026 ጀምሮም ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁ፣ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሥልጠናዎች ፔል ግራንት እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሕግ ጸድቋል። ቋንቋ ብቻ ለሚማር ሰው ደግሞ በብዙ አካባቢዎች በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፉ ነጻ ወይም አነስተኛ ክፍያ ያላቸው የእንግሊዝኛ ክፍሎች አሉ።

የፌዴራል ብድር ለባለ ዲግሪም ክፍት ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ትምህርት፣ በአብዛኛው 6 ክሬዲት፣ ይጠይቃል። በዚያው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 2026 ወዲህ የትርፍ ጊዜ ተማሪ ሊበደር የሚችለው ዓመታዊ መጠን በሚወስደው ክሬዲት ልክ ዝቅ ይላል። ተማሪው ከግማሽ በታች ከወረደ የስድስት ወሩ የእፎይታ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ክፍያው ይመጣል።

ለሠራተኛ ተማሪ ትልቁ ወጥመድ በሴሚስተሩ መሀል መውጣት ነው። የሥራ ፈረቃው ተቀይሮበት ወይም ልጅ ታምሞበት ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ኮርሶች ያቋረጠ ተማሪ፣ ከተሰጠው ድጋፍ ከፊሉ ለመንግሥት ይመለሳል፤ የጎደለውን ክፍያ ኮሌጁ ከራሱ ሊጠይቀው ይችላል። ዕዳው ካልተከፈለ ቀጣዩን ምዝገባ ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ ኮርሱን ከማቋረጡ በፊት፣ መቅረት ከጀመረ በኋላ ሳይሆን፣ የድጋፍ ቢሮው ጋ ሄዶ ቀኑን ማስላትና አንዱን ኮርስ ብቻ ይዞ መጨረስ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።