ሩቅ አገር በሞተር ሳይክል፦ የመንገድ ዳር ጥገና መቶ ዓመት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2004 አጋማሽ ሦስት ጀርመን ሠራሽ ቢኤምደብሊው ሞተር ሳይክሎች የሞንጎሊያን ሜዳ እያቋረጡ ነበር። በሁለቱ ላይ የተቀመጡት የፊልም ተዋንያኑ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን ናቸው፤ ሦስተኛውን የሚነዳው ጉዟቸውን የሚቀርጸው ካሜራማን ክላውዲዮ ፎን ፕላንታ ነው። ሐሳባቸው ከለንደን ተነሥተው፣ በሩሲያና በአላስካ አድርገው ኒው ዮርክ መግባት ነበር። ሞንጎሊያ ላይ የክላውዲዮ ሞተር ሳይክል ቴላዮ ተሰበረ። በዘመኑ ለሩቅ መንገድ ከተሠሩት ሁሉ ስሙ የገነነው ማሽን በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ኡላንባታር ሲላክ፣ ካሜራማኑ እዚያው አገር የተገዛች አንዲት ቀይ ኢዥ ፕላኔታ ላይ ተፈናጦ ጓደኞቹን ተከተለ። ኢዥ ፕላኔታ አንድ ፒስተንና አንድ ካርቡራተር ያላት፣ ከሶቪየት ዘመን ንድፏ ብዙም ያልተለወጠ ርካሽ ሞተር ሳይክል ናት። የአገሬው እረኛ ያውቃታል፤ ስትበላሽም የት እንደሚነካካት አይጠፋውም።

የረጅም ርቀት ሞተረኞችን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ ለተከታተለ፣ ይህ የሞንጎሊያ ገጠመኝ እንግዳ አይሆንበትም። ፋብሪካዎች በየዘመኑ የማይበላሽ ሞተር ሳይክል ለመሥራት ሲደክሙ ኖረዋል፤ ብዙም ተሳክቶላቸዋል። ሰው ግን ከበረሃ ወጥቶ አገሩ የሚገባው ከሁሉ በላይ የተበላሸው ነገር በቆመበት ቦታ፣ በተገኘው እጅና በተገኘው ብረት መጠገን ሲችል ነው። የጉዞውን ርቀት ሲወስን የኖረው ይኸው ነው።

ማርሽ የሌላት ሄንደርሰን

በሞተር ሳይክል ዓለምን በመዞር ቀዳሚ ተብሎ የሚታወቀው አሜሪካዊው ካርል ስቲርንስ ክላንሲ ነው። በ1912 መጸው ከደብሊን ሲነሣ የያዛት ሄንደርሰን በዚያው ዓመት ዲትሮይት ውስጥ መሠራት የጀመረች፣ አራት ሲሊንደርና 7 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ በማኒቬላ የምትነሣ ሞተር ሳይክል ነበረች። ማርሽ የሚቀየርባት አልነበረችም፤ ዳገቱንም ሜዳውንም በአንዱ ነው። አብሮት የወጣው ዋልተር ስቶሪ ፓሪስ ላይ ጉዞው በቃኝ አለ። ክላንሲ ግን በስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በሲሎን፣ በቻይናና በጃፓን አልፎ፣ ባሕሩን በመርከብ እየተሻገረ፣ በ1913 ኒው ዮርክ ገባ። ጉዞው 18,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 29,000 ኪሎ ሜትር እንደነበር ይነገራል።

በዚያ ዘመን ማደያም ሆነ የመለዋወጫ ሱቅ በየመንገዱ አይገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሞተረኞች መካኒክ የሆኑት ወደው አልነበረም። ደግነቱ ማሽኑም ይህን ያህል ምሥጢር አልነበረውም። አካሉ ሁሉ በውጭ ይታያል፤ በጥቂት ቁልፍና በአንድ ካቻቢቴ ይፈታል። ብረት ከተሰበረ ቀጥቃጭ ይፈለጋል፤ ቀጥቃጭ ደግሞ የሌለበት አገር የለም። ለፈረስ ጫማ የሚያደርግ፣ ማረሻ የሚያሰላ ሰው የሄንደርሰንን ስም ሰምቶ ባያውቅም የተሰበረ ብረት አግሎ ማገናኘት አያቅተውም ነበር።

ሰሃራን ያቋረጠችው ፓንተር

የዚህ ዘመን ትልቁ ምሥክር የሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች ጉዞ ነው። ተሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪረን ዲሴምበር 11 ቀን 1934 ከለንደን ወደ ኬፕታውን ተነሡ። የያዟት 600 ሲሲ ፓንተር አንድ ሲሊንደር ብቻ ያላት ስትሆን፣ በጎኗ ሳይድካር፣ ከኋላዋ ደግሞ ድንኳንና ስንቅ የተጫነበት ተጎታች ነበራት። ኮምፓስ አልያዙም። ሰሃራን ሲያቋርጡ ጎማው በአሸዋ ሲዋጥ ቆፍረው ያወጣሉ፤ ሞተሩ ሲደክም ወርደው ይገፋሉ። በመንገድ ላይ ሞተሩ ጭራሽ እምቢ ሲል ግን መግፋትም መቆፈርም የሚያዋጣ አልሆነም፤ ፈታትቶ እንደ አዲስ መገጣጠም ግድ ሆነ። ዋላክ ለንደን ውስጥ ኢንጂነሪንግ የተማረች ስለነበረች ሥራው አላስደነገጣትም። ጁላይ 29 ቀን 1935 ኬፕታውን ገቡ።

ዋላክ ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር በሞተር ሳይክል መልእክት አድርሳለች፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግራ ሞተር ሳይክል ስትጠግን፣ ስትሸጥና መንዳት ስታስተምር ኖራለች። ከጉዞዋ ለተከታዮቿ የተረፈ አንድ ትምህርት ቢኖር የጭነት ነገር ነው። ሁሉንም ነገር የያዘ ሁሉንም ነገር ይሸከማል። ክብደት በጨመረ ቁጥር የሚላላው ብሎን፣ የሚሰነጠቀው ብረት፣ የሚቃጠለው ፍሪሲዮን ይበዛል። ዛሬ በየመንገዱ ከሚያጋጥሙ ብልሽቶች ስንቱ ከሞተሩ ሳይሆን ከዕቃው ጭነት የመጣ እንደሆነ የጠገነ ሰው ያውቀዋል።

ከመተማ ወደ ጎንደር

ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ ተሻሻለ፤ መንገደኛውም ተለወጠ። በ1973 ፈረንሳዊቷ ጋዜጠኛ አን ፍራንስ ዶትቪል 125 ሲሲ በሆነች ካዋሳኪ ብቻዋን ዓለምን ዞረች፤ አፍጋኒስታንን ያቋረጠችው በዚችው ትንሽ ማሽን ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 6፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በፈነዳበት ቀን፣ ጋዜጠኛው ቴድ ሳይመን በ500 ሲሲ ትራያምፍ ከለንደን ወጣ። ሳይመን መካኒክ አልነበረም፤ ሞተር ሳይክል መንዳትንም የተማረው ለጉዞው ብሎ ነው። አራት ዓመት በመንገድ ላይ ኖሮ፣ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ሲመለስ የጻፈው መጽሐፍ ብዙዎችን ለተመሳሳይ ጉዞ አነሣሥቷል።

ሳይመን በአገራችንም አልፏል። ከሱዳን በመተማ ገብቶ ወደ ጎንደር የወጣው አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሊወርዱ ወራት ሲቀራቸው ነበር። ያ ዳገት ለካርቡራተር ሞተር ከባድ ፈተና ነው። ከቆላው ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በቆላው ልክ መርጨቱን አይተውም። ቤንዚን ይበዛና ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ ሞተሩ ይንገራገጫል፣ ጉልበት ያጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ካንዴላውን ፈትቶ መፋቅ፣ ካስፈለገም የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ መለወጥ። ቀላል የሚሆነው ግን ለሚያውቀው ነው። ሳይመን ይህን የመሰለውን ሁሉ የተማረው በየመንገዱ ነበር። የብልሽቱን ሰዓት ከጉዞው እንደ ጎደለ ጊዜ አላየውም፤ ከሰው ጋር የሚያገናኘው እሱ መሆኑን ተረድቶ ነበርና። ሞተሩ ባይበላሽ ኖሮ በብዙ መንደሮች ውስጥ አንድ ሰው ሳያናግር ባለፈ ነበር።

አዲስ አበባ የተወለደው የዳካር አሸናፊ

የሩቅ መንገድ ሞተር ሳይክል ራሱን የቻለ ዓይነት ሆኖ የተፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ቲየሪ ሳቢን በ1977 በአንድ ውድድር ላይ በሞተር ሳይክሉ በረሃ ውስጥ ጠፍቶ በሕይወት ከተረፈ በኋላ የፓሪስ ዳካርን ውድድር አሰበ፤ የመጀመሪያው በ1978 ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ተነሣ። በ1980 ደግሞ ቢኤምደብሊው ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን አር 80 ጂኤስ የተባለ 800 ሲሲ ገደማ ሞተር ሳይክል አወጣ። በ1981 በዚሁ ዓይነት ማሽን ዳካርን ያሸነፈው ሁበር ኦርዮል ነው። ኦርዮል በ1952 አዲስ አበባ የተወለደ ፈረንሳዊ ነበር። በ1983 በድጋሚ በሞተር ሳይክል፣ በ1992 ደግሞ በመኪና አሸነፈ፤ ውድድሩን በሁለቱም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

የዚያን ሞተር ሳይክል ንድፍ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ የሠሩት መሐንዲሶች የመንገድ ዳር ችግርን እንዳሰቡበት ይረዳል። የኋላው ጎማ በአንድ ጎን ብቻ የተያዘ ነው፤ እንደ መኪና ጎማ ጥቂት ብሎኖች ተፈትተው ይወጣል። ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ካቴና ሳይሆን የተሸፈነ ዘንግ ስለሆነ አሸዋ አይበላውም።

ዕቃ መጫኛው ግን ገና ለባለቤቱ የተተወ ነበር። ከ1982 እስከ 1984 በአሮጌ ቢኤምደብሊው ዓለምን የዞረችው እንግሊዛዊት አርክቴክት ኤልስፔት ቢርድ፣ የሚቆለፉ የዕቃ ሳጥኖቿን ሲድኒ ላይ ከአልሙኒየም ላሜራ በገዛ እጇ ሠርታለች። ዛሬ ይህን መሳይ ሳጥን በውድ ዋጋ ከሱቅ ይገዛል።

ኮምፒዩተሩ ሲገባ

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ሁለት መልክ አለው። ቤንዚኑን በኮምፒዩተር የሚመጥነው ኢንጀክሽን የመተማውን ዳገት ቀላል አድርጎታል፤ አየሩ ሲሳሳ ራሱ አውቆ ይቀንሳል። የካንዴላው፣ የካርቡራተሩ ችግር ሁሉ ተረት ወደ መሆን ተቃርቧል። አሮጌ ሞተር በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይጠይቀው የነበረውን ማስተካከል አዲሱ አይጠይቅም። ይህን ዕድገት የሚንቅ ሰው በአሮጌ ሞተር ብዙ ያልተንገላታ መሆን አለበት።

ብልሽት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የቀድሞው ሞተር የታመመበትን በድምፁ፣ በጭሱ፣ በካንዴላው ቀለም ይናገር ነበር። የዛሬው ዝም ይላል። ማቆሚያ እግሩ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ጭቃ ገብቶባት «እግሩ አልታጠፈም» ብላ ካሰበች፣ ከ250 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሞተር ሳይክል አንድ እርምጃ አይሄድም። ችግሩን የሚያነብበው መሣሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋና ከተማ ካልሆነ አይገኝም። የተሰበረ ብረት ለማስበየድም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ባትሪውን ሳይነቅሉ ብየዳ ያስጀመሩ ሰዎች፣ ብረቱ ሲዳን ኤሌክትሮኒክሱ ተቃጥሎባቸዋል።

ጎማ ሲተነፍስ

በመቶ ዓመት ውስጥ ያልተለወጠው ብልሽት የጎማ ነው። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ለያዘ ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ጎማው ከቸርኬው ሳይወጣ ቀዳዳው ከውጭ በላስቲክ ገመድ ይደፈናል። የሽቦ ቸርኬና ካላማዳሪ ላለው ግን አሠራሩ በአያቶቹ ዘመን እንደነበረው ነው። የሞተር ሳይክሉ ሆድ ሥር ድንጋይ ወይም የዕቃ ሳጥን ተደርጎ ጎማው ከመሬት ይነሣል፤ ካቴናው ላልቶ ቸርኬው ይወጣል። ከዚያ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው መላቀቅ አለበት፤ ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ልምድ ያላቸው የሌላ ሞተር ሳይክል ማቆሚያ እግር ጠርዙ ላይ አሳርፈው ክብደቱ እንዲጫነው ያደርጋሉ።

ካላማዳሪው ወጥቶ ይነፋና ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ውኃ ከሌለ ጉንጭ ላይ አስጠግቶ የሚወጣውን ነፋስ መፈለግ ነው። ቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ሲደርቅ ይለጠፋል። ማስቲሹ ሳይደርቅ የቸኮለ ሰው ጥቂት ሄዶ እንደገና ይቆማል። ጎማውን በውስጥ በኩል በእጁ ሳይዳስስ የመለሰም እንዲሁ ነው፤ የወጋው እሾህ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሁለቱንም ያለፈ ሰው ደግሞ ሲገጥም በማንሻ ብረቱ ራሱ ካላማዳሪውን ይነክሰዋል። የመንገድ ዳር ጎሚስታ ይህን ሁሉ ወሬ ሳያቋርጥ ይሠራዋል፤ ሲገጥምም ጠርዙን በሳሙና ውኃ ማርጠብ አይረሳም።

ሌሎችም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉ ብልሃቶች አሉ። የቤንዚን ታንከር ትንሽ ቀዳዳ ሲያወጣ ደረቅ ሳሙና አጥብቀው ይፈትጉበታል፤ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል። አዲስ የፍሪሲዮን ሽቦ ከአሮጌው ጎን አስሮ የሚነዳ ሰው፣ አሮጌው ሲበጠስ ጫፎቹን ማዛወር ብቻ ይቀረዋል። ካላማዳሪው ከመለጠፍ ካለፈ ጎማውን በሣር ጠቅጥቆ ቀስ እያሉ መንዳት ይቻላል።

ከካይሮ ኬፕታውን የሚጓዙት ሁሉ ይፈሩት የነበረው ከሞያሌ እስከ ኬንያዋ ኢሲዮሎ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲህ ያለው ብልሃት የሚፈተንበት ነበር። እንደ ቆርቆሮ የተሸነተረው ኮረኮንች አሞርዛተር ያፈነዳል፣ የዕቃ መጫኛ ብረት ይሰብራል፣ ብሎን ያረግፋል። ዛሬ አስፋልት ሆኗል፤ እዚያ መንገድ ላይ ለሞተረኞች ስንት ብረት የበየዱ እጆች ግን ለሌላ ሥራ ዛሬም ያስፈልጋሉ።

ወደ ትንሹ መመለስ

በቅርብ ዓመታት ብዙ ተጓዦች ፊታቸውን ወደ ትንንሽ ሞተር ሳይክል መልሰዋል። እንግሊዛዊቷ ሎይስ ፕራይስ ከለንደን ኬፕታውን የወረደችው በ250 ሲሲ ያማሃ ነው። ናታን ሚልዋርድ በ2009 ከሲድኒ ተነሥቶ ወደ ለንደን የመጣው የአውስትራሊያ ፖስተኞች ይነዷት በነበረችው 110 ሲሲ ሆንዳ ነው። እነዚህ ሰዎች ፍጥነት አጥተዋል፤ በምትኩ ብቻቸውን የሚያነሡት ክብደትና በየገበያው የሚገኝ መለዋወጫ አግኝተዋል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ ባጃጅ ሲፈታ የሚውል ወጣት መካኒክ እንዲህ ያለች ሞተር ቢያመጡለት መመሪያ መጽሐፍ አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ ትልቅ ሞተር ሳይክል አይረባም የሚል መደምደሚያ አይወጣም። አስፋልቱ ለረዘመበት፣ ገንዘቡ ላለው፣ ወኪል ባለበት አገር ለሚጓዝ ምቾቱ የሚናቅ አይደለም። መመዘኛው ግን የማስታወቂያው ወረቀት ሊሆን አይገባም። ተጓዡ የሚያልፍባቸው አገሮች ሰዎች ምን እንደሚነዱ፣ ጋራዦቹ ምን መፍታት እንደለመዱ ይጠይቅ። ከመነሣቱ በፊትም አንድ ቀን በግቢው ውስጥ፣ ሞተር ሳይክሉ ላይ ከተጫነው መሣሪያ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ ሰው ሳይጠራ፣ የኋላውን ጎማ አውጥቶ ካላማዳሪውን ለጥፎ ይመልስ። ይህ ያቃተው ሰው ገንዘቡን ለተጨማሪ ዕቃ ከማውጣቱ በፊት አንድ ሳምንት ጎሚስታ ቤት ሄዶ ቢያግዝ ይሻለዋል።