ኤስተርብሩክ ጄ

ኤስተርብሩክ ጄ በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ በካምደን ከተማ የተሠራ ፋውንቴን ፔን ነው። ሪቻርድ ኤስተርብሩክ እ.ኤ.አ. በ1858 የመሠረተው ኩባንያ ለረጅም ዘመን የታወቀው ቀለም እየነከሩ በሚጽፉባቸው የብረት ጫፎች ነበር። ጄ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲሆን፣ ቀጠን ያለው ዓይነቱ ኤልጄ፣ ቀጭንም አጭርም የሆነው ኤስጄ ይባላል።

የሰብሳቢዎችን ልብ የሚማርከው ጫፉ ነው። ጫፉና ቀለም የሚያደርሰው ክፍል አንድ ላይ ስለተያያዙ በጣት ተጠምዝዘው ይወጣሉ፤ ሌላ ዓይነት ጫፍ በቦታው ይገባል። በአንድ ብዕር ብዙ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ መሞከር መቻሉ በእርግጥ የሚያስደስት ነው። እያንዳንዱ ጫፍ ቁጥር ተቀርጾበታል፦ 2668 ለዕለት ጽሑፍ የሚሆን መካከለኛ፣ 1555 ለአጭር ጽሕፈት፣ 9128 ሲጫኑት የሚለጠጥ በጣም ቀጭን ነው። ሆኖም ከ9128 የድሮ ወርቅ ጫፎችን ልስላሴ መጠበቅ አይገባም። በ9 የሚጀምሩት በጫፋቸው ጠንካራ ብረት ስለተበየደባቸው ቶሎ አያልቁም። በ1 እና በ2 የሚጀምሩት ግን ብረቱ ራሱ ታጥፎ የተሠሩ ናቸው፤ ያገለገለ ጫፍ የሚገዛ ሰው መበላቱን በማጉያ መነጽር ቢያይ ይበጃል።

ቀለሙ የሚሞላው ጎኑ ላይ ባለው ማንሻ፣ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ከረጢት በመጭመቅ ነው። ከረጢቱ በዕድሜ ይደርቃል፤ መለወጡ ግን ቀላል ነው። የእንግሊዙ ኦስሚሮይድ ጫፎችም በዚህ ብዕር ላይ ይገጥማሉ።