ግልጥነት

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 «ግልጥነት» ያለው በግሪኩ «ፓሬሲያ» ነው፤ ሥረ ቃሉ ሁሉን መናገር ማለት ነው። በጥንቷ አቴና ከዜግነት ጋር የሚሄድ መብት ነበር። የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ ግን ይህንን ቃል ያልተማሩ ለተባሉት ለጴጥሮስና ለዮሐንስ ሰጣቸው፤ ያውም በሸንጎ ፊት ቆመው ሳለ።

«ድፍረት» ብንለው ይጎድላል። በእኛ ዘንድ ደፋር ታላቁን የማያከብር፣ የሌላውን ክብር የሚጥስም ነውና። ግልጥነት ማንንም አይደፍርም፤ እውነቱን ግን አይሸሽግም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሸንጎው ዝቶ ሁለቱን ከለቀቃቸው በኋላ ምእመናኑ የጸለዩት ጸሎት ነው። ዛቻው እንዲቀርላቸው አልለመኑም፤ እየተዛተባቸው መናገር እንዲችሉ እንጂ። ስለዚህ አለቃው ሐሰተኛ ሰነድ ፈርም ሲለው ልቡ የሚርድ ሠራተኛ ፍርሃቱ እስኪለቀው መጠበቅ የለበትም፤ እየፈራም «አልፈርምም» ማለት ይችላል። ጳውሎስም በሮም ነጻ ሳይወጣ፣ ወታደር እየጠበቀው ነው በግልጥነት ያስተማረው።

የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ምዕራፍ 4 ላይ ይህንኑ የግሪክ ቃል ወደ ጸጋው ዙፋን ለመቅረብ ይጠቀምበታል። በሰው ፊት አንደበቱ የሚታሰር ሰው ግልጥነትን በጸሎት ሊጀምር ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ የሚያስፈራውን ሁሉ፣ ቃል ሳይመርጥ፣ በስሙ እየጠራ።