ከጎተራ ምርግ እስከ ፒክአፕ ካሶኒ

እስቲ በገበያ ቀን አምበር ወይም ቢቸና መንገድ ዳር ከቆሙት ፒክአፖች አንዱን ከኋላ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በሩና ኮፈኑ ገና ያብረቀርቃል። የካሶኒው ነገር ግን ለብቻው ነው፤ ወለሉ ተቧጭሯል፣ ማዕዘኑ ቀልቷል፣ የብሎኖቹ ዙሪያ መፈርፈር ጀምሯል። አይፈረድበትም። ዛሬ ጤፍ፣ ነገ ማዳበሪያ፣ ከነገ ወዲያ በግ ይጫንበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ እየጠጣ ይከርማል። መኪናው የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ ከሆነ፣ የካሶኒው መበሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ከተገኙት መላዎች አንዱ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጥ ሻካራ ልባስ ገዝቶ፣ ጋራዥ ሳይሄዱ በሮለር መቀባት ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የልባስን ታሪክ ስንከተል ግን አንድ የሚገርም ነገር እናገኛለን፦ ልባስ ብረትን የሚያድነው አጥብቆ ሲይዝ ብቻ ነው። ካልያዘ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። እንዴት? ከምናውቀው ከጎተራ እንነሣ።

ጎተራው ምን ያስተምረናል?

ጎተራ ሲሠራ መጀመሪያ ከቀጫጭን እንጨት እንደ ትልቅ ቅርጫት ይጎነጎናል። ከዚያ ጭቃ፣ ጭድና እበት አንድ ላይ ተቦክቶ ይመረጋል። በመሐንዲስ ዓይን ካየነው እያንዳንዱ ነገር የራሱ ሥራ አለው። ጭቃው ቀዳዳ ይደፍናል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ጎትቶ ይይዘዋል። እበቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ የሣር ቃጫም ያንኑ ያግዛል።

ጉንጉኑስ? ሻካራና ክፍተት ያለው ስለሆነ ጭቃው በየቀዳዳው ገብቶ ይነክሳል። ያንኑ ጭቃ በለሰለሰ ብረት ላይ ብትለጥፉት ደርቆ ተገምሶ ይወድቃል። ጭቃው ያው ነው፤ የተለየው የሚይዝበት ነገር ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ብረት ሲመጣ

ብረት ውሃና ኦክስጅን ካገኘ ይዝጋል። ዝገቱ ደግሞ ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ቀለም ከሥር እየገፋ ያነሣዋል። አንዲት ትንሽ ጭረት ውላ አድራ እንደ ቁስል የምታብጠው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1837 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ የመሸፈን ዘዴን በስሙ አስመዘገበ። የጣሪያችን ቆርቆሮ የመጣው ከዚያ ነው። ዚንኩ ሁለት ሥራ አለው፦ አንደኛ ብረቱን ይሸፍናል፤ ሁለተኛ ሲጫር ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ይበላለታል። ተራ ቀለም ግን ይህን ሁለተኛውን ሥራ አይሠራም። አጥር ብቻ ነው፤ ከተበሳ ውሃው ይገባል።

የፒክአፕ ካሶኒስ? ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1925 ሞዴል ቲን ፋብሪካ ውስጥ የጭነት ሳጥን ገጥሞ መሸጥ ጀመረ። በቀደመው ዘመን የብዙ ፒክአፖች ወለል ጣውላ ነበር፤ ሲሰበር ወይም ሲበሰብስ ጣውላው ይቀየራል። ቀስ በቀስ ላሜራ ቦታውን ያዘ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1968 ሃይሉክስን ሲያወጣ የብረት ካሶኒ የተለመደ ሆኖ ነበር። ላሜራ ግን ቀጭን ነው፤ ወፍራሙ እንኳ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። አንዴ ዝገት ከገባው ለመበሳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ሸፍኖ የሚያበሰብሰው ፕላስቲክ

አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ በካሶኒው ልክ ተቀርጾ ላዩ ላይ የሚቀመጥ ጠንካራ ፕላስቲክ ነበር። ድንጋይ ቢወረወርበት ይችላል። ሲታይም ያምራል። ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? ፕላስቲኩ ካሶኒው ላይ ተቀመጠ እንጂ አልተጣበቀም። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ከሥሩ የገባው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፍቃል። የገባው ውሃም ፀሐይና ንፋስ ስለማያገኘው አይደርቅም። ባለቤቱ ላዩን እያየ ደኅና ነው ሲል፣ ከሥር ላሜራው ይበላል። አንድ ቀን ፕላስቲኩ ሲነሣ ጉዱ ይወጣል።

ስለዚህ ከብረቱ ጋር አንድ የሚሆን ልባስ ተፈለገ። ዕቃው ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 ፖሊዩሬቴንን ሠርተው ነበር። ዛሬ የፍራሽ ስፖንጅም፣ የጫማ ሶልም፣ የካሶኒ ልባስም የሚሠራው ከዚህ ቤተሰብ ነው።

በሮለር የሚቀባው ልባስ ብዙውን ጊዜ የጎማ ፍርፋሪ የተቀላቀለበት ፖሊዩሬቴን ነው። ፍርፋሪው የጭዱን ያህል ባይሆንም የራሱ ሥራ አለው፦ ምት ያበርዳል፣ ጭነትም እንዳይንሸራተት ያደርጋል። አንዳንዱ ዓይነት ሌላ ማጠንከሪያ አይጨመርበትም፤ የሚያጠነክረው የአየሩ እርጥበት ነው። ውስጡ ያለው አይሶስያኔት ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሞለኪውሎቹ ይቆላለፋሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። በአንድ ጊዜ አወፍራችሁ ከቀባችሁት ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ጋዙ ከሥር ታፍኖ ልባሱን ያቆረፍደዋል። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ እንዴት ይቀባል?

አሁን ጎተራውን አስታውሱ። ከሥራው ትልቁ ድርሻ ቆርቆሮው ሳይከፈት በፊት የሚሠራው ነው። ካሶኒው በሳሙና ይታጠባል፤ በተለይ የማዳበሪያ ፍርፋሪ እርጥበት ከአየር ስለሚስብ ከየማዕዘኑ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ዝገቱ ንጹሕ ብረት እስኪታይ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፤ የተጋለጠው ቦታ አንቲረስት ይቀባል። ቀሪው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ አንጸባራቂነቱ ይጠፋል። ይሄ ጉንጉኑን መሥራት ማለት ነው፤ ልባሱ የሚነክስበት ቦታ እያዘጋጀን ነው። በመጨረሻ አቧራውና ቅባቱ ልባሱን የሠራው ድርጅት ባዘዘው ማጽጃ ይወለወላል።

ጊዜው በጋ ይሁን። በደጋው ማለዳ ግን ብረቱ ላይ ጤዛ ስለሚያድር ፀሐይ እስኪያደርቀው ጠብቁ፤ ብረቱ እስኪግልም አትቆዩ። ማዕዘኑ በብሩሽ፣ ሜዳው በሮለር ይቀባል። ፍርፋሪው ወደ ታች ስለሚዘቅጥ እየደጋገማችሁ አማስሉ። የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎችን አትድፈኑ።

ሦስት ነገር ደግሞ አደራ። አይሶስያኔት ሳንባን ይጎዳል፣ አስምም ሊያስነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ሥራው ደጅ፣ ከእሳት ርቆ፣ በጓንትና ለኬሚካል ትነት በተሠራ ጭምብል ይሁን፤ የጨርቅ ጭምብል ትነቱን አያቆምም። ሁለተኛ፣ ለምግብ ንክኪ እንደሚሆን ቆርቆሮው ላይ ካልተጻፈ፣ ልባሱ ደርቆ ካለቀ በኋላም ጤፉን በከረጢት ጫኑት እንጂ ወለሉ ላይ አታፍስሱት።

ሦስተኛው ቤንዚን ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ፕላስቲክ በለበሰ ካሶኒ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቤንዚን መቅዳት እሳት እንደሚያስነሣ አስጠንቅቋል። ቤንዚን ሲቀዳ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጠራል፤ ፕላስቲኩ ሙሉን ወደ መሬት አያሳልፍም፤ ብልጭታ ከተነሣ ትነቱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጀሪካኑን አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡና አስቀዱ።

ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ካሶኒውን በጥፍራችሁ ፈትሹት፤ በተለይ ጠርዙንና የብሎኖቹን ዙሪያ። የተነሣ ልባስ ካለ ላዩ ላይ ደርባችሁ አትቀቡ። ቆርጣችሁ አንሡት፣ ብረቱን ፍቁት፣ ከሥሩ ጀምሩ። የጎተራ ምርግም ሲላቀቅ የሚጠገነው እንዲሁ ነው።