የጉጉት ቤት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከመካከላችሁ ለጉጉት ቤት ሲሠራ ያየ ማን አለ? ጎንደር ላይ ይህን ብጠይቅ «ጤናህን ነው ወይ?» ትሉኝ ነበር። ጉጉት ጣራ ላይ ስትጮህ ድንጋይ ይወረወርባታል እንጂ ጣራ ማን ይሠራላታል! እኔ ግን ዛሬ የምተርክላችሁ እዚህ እስራኤል፣ ጋን ያቭኔ ላይ ለጉጉት ቤት ስለሠሩ አናጢ ሽማግሌ ነው።

ስማቸውን አትጠይቁኝ። ከቂርያት መላኺ፣ ከገዴራና ከያቭኔ አባቶች ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ወስጄ አንድ ሰው አድርጌአቸዋለሁ፤ የልጅ ልጃቸውንም፣ የምትመጣውንም የመናፈሻ ኃላፊ እንዲሁ። ለተራኪ ይህ ይፈቀድለታል። ስለ ወፏና ስለ ዘመኑ የማወራው ግን የሆነ ነገር ነው።

ሽማግሌው የወገራ ሰው ናቸው፤ ቤተ እስራኤል። አባታቸው ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ፣ አጎታቸው ብረት ቀጥቃጭ። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱምበት ወደ አጎትየው ይመጣል፤ ቀንበር ሲሰበርበት ወደ አባትየው። ክረምት ሊገባ ሲል ደጃቸው ገበያ ነበር ይላሉ። የተሳለ ማረሻውን ይዞ ሲመለስ ግን ያው ገበሬ ሕፃን ልጁን በነጠላ ይሸፍናል። ለምን? ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ይባላላ! በእነሱ ማረሻ የታረሰውን እህል ሲበላ ግን አንድም ቀን አላነቀውም።

ጥንት ነገሩ እንዲህ አልከፋም ነበር። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ ከ1632 እስከ 1667 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ)፣ ጎንደር ስትቆረቆር ግንበኛና አናጢ ይፈለግ ነበር። የቤተ እስራኤል ባለሙያዎችም ለነገሥታቱ ሠሩ፤ መሬትና ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። ማዕረግ ይሰጣል፣ ጉርብትና ግን ይከለከላል፤ በ1668 በአፄ ዮሐንስ ዘመን የተቀመጠው ጉባኤ እነሱም፣ እስላሙም በየሰፈራቸው ለብቻ ይሁኑ ብሎ ወሰነ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ዘመነ መሳፍንት መጣ። ነገሥታቱ ደከሙ፤ ግንብ የሚያሠራ ጠፋ። ግንበኛው ወደ ሸክላ፣ ወደ ብረት፣ ወደ ሽመና ዞረ። ክብሩ ሄደ፤ ቡዳ የሚለው ስም ብቻ ተረፈው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመልሳችሁ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሲሻገር እሳቸውም ከመካከሉ ነበሩ። መሮአቸው አዲስ አበባ ቀረ። እዚህ ደግሞ ቀንበር የሚሻ የለም። ፋብሪካ ገቡ፣ ካርቶን ሲያሽጉ ኖሩ፣ ጡረታ ወጡ። አደባባዩ ላይ የቆመውን ወይራ ባዩ ቁጥር ግን እጃቸውን ይበላቸዋል፤ ከዚያች ቅርንጫፍ ምን ዓይነት ዱላ ይወጣ ነበር! የልጅ ልጃቸው «አባባ፣ እንዳይነኩት፤ ቅጣት አለው» ይላቸዋል። እውነቱን ነው። ወይራን የመሰለ ዛፍ ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ የሚከለክለው ሕግ መነሻው እንግሊዞች በ1926 ያወጡት የደን ድንጋጌ ነው።

ልጁ ዐሥረኛ ክፍል ነው። ባግሩቱን፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀቱን፣ በእጁ ለማስገባት የተወሰነ ሰዓት ሂትናድቩት፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ መሥራት አለበት። ጓደኞቹ አረጋውያን ዘንድ ተመደቡ፤ ለእሱ ከከተማው ዳር፣ ማሳው የሚጀምርበት ላይ ያለው መናፈሻ ደረሰው፤ ሥራው የወፍ ማደሪያ ሣጥን መሥራት ነው። ማታ ለአያቱ ሲነግራቸው የያዙትን ሻይ አስቀመጡ።

«ለማን ነው ሣጥኑ?»

«ለጉጉት፣ አባባ።»

«ከስንት ወፍ መካከል!»

እዚህ ላይ ስለ ጉጉቷ ላውጋችሁ። ፊቷ ነጭ የሆነው፣ የፈረሰ ቤት የምትወደው ናት። በ1983 በቤት ሸአን ሸለቆ ያለው የስዴ ኤልያሁ ኪቡጽ፣ ማሳውን የሚያወድመውን የሜዳ አይጥ በመርዝ ማሳደዱን ትቶ ለጉጉት ሣጥን መስቀል ጀመረ። መርዝ አይጡን ገድሎ አያበቃም፤ አይጡን የበላውን አሞራም ይገድላል። አንድ የጉጉት ጥንድ ግን ከነጫጩቶቹ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር አይጥ ይጨርሳል። ችግሩ ጉጉት ጎጆ መሥራት አታውቅም። ዋሻ ወይም የዛፍ ቀዳዳ ካላገኘች ትታ ትሄዳለች። እንግዲህ ሰው ይሥራላት ተባለ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው የወፍ አዋቂ ዮሲ ሌሼም ነገሩን አገር አቀፍ አደረጉት፤ ዛሬ ሣጥኖቹ በሺዎች ናቸው። ዮርዳኖሶችና ፍልስጤማውያንም በኋላ ገቡበት። ዮርዳኖስ ውስጥ የገጠማቸው ምን መሰላችሁ? ገበሬው ጉጉት ክፉ ወሬ ታመጣለች ብሎ ይፈራታል፤ ቁርጥ እኛን! ጡረታ የወጡት ጄኔራል መንሱር አቡ ራሺድ ሳይቀሩ ሰውን ለማግባባት ደከሙ።

ልጁ ይህን ሁሉ ከስልኩ አነበበላቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «አይጡን እየጨረሰችላቸው ይፈሯታል በለኛ» አሉ። ትንሽ ቆይተውም፣ «እንግዲያስ አውቃታለሁ» አሉ።

በነጋታው ቄሱ ዘንድ ሄዱ፤ ጉጉት በኦሪት ከማይበሉት ወፎች ተቆጥራለችና። ቄሱ ሳቁ። «አትብላት ነው የሚለው፤ አታስጠጋት አላለም።»

የመናፈሻዋ ኃላፊ ኮምፐንሳቶ ከምራ ጠበቀቻቸው። ሽማግሌው በጣታቸው አንኳኩት። «ይኼ ደግሞ እንጨት ነው?» በዚያ አካባቢ የብርቱካን ማሳ በፈረንጅ ጽድ ረድፍ ከነፋስ ይከለላል፤ ክረምት የጣለው አንድ ግንድ ከማሳው ዳር ተጋድሞ ነበር። ኃላፊዋን አስፈቅደው እሱን በሳንቃ አስሰነጠቁ። ከራምላ ገበያ የገዙትን መሮ በድንጋይ ስለው ተቀመጡ። መጀመሪያ የእንጨቱን ጅማት በአግድም መትተው ድንበር አበጁ። ቀጥለው መሮውን አዘንብለው ከጅማቱ ጋር ገፉት፤ ሥሥ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ መጣና ድንበሩ ጋ ሲደርስ በራሱ ተበጥሶ ወደቀ። «ድንበሩን ሳትመታ ከገፋህ ሳንቃው እስከ ጫፉ ይሰነጠቅብሃል» አሉት ልጁን።

የሣጥኑን ውስጥ አልላጉትም፤ ጫጩት በጥፍሯ የምትይዘው ሻካራ ይሻላታል ብለው። ቀለምም አላስነኩት። በሩ ዙሪያ ግን ሐረግ ቀረጹ። ኃላፊዋ አይታ፣ ጉጉት ጌጥ መች ታያለች አለች። ልጁ አስተረጎመ።

«የሚያልፈው ሰው ያያል» አሉ።

የሚያልፈው ሰው! እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ወደ ቂርያት መላኺ ነው የሄደው። በ1951 የተቆረቆረች፣ ለሎስ አንጀለስ አይሁዶች ውለታ የመላእክት ስም የወጣላት ከተማ። በጥር 2012 የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያዊ ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዜና በቴሌቪዥን ወጥቶ፣ ወጣቱ ከየከተማው እየመጣ ሰልፍ የወጣባት ከተማ ናት። የእንጨት ሐረግ ይህን ይሽረዋል አልላችሁም። ወገራ ላይ ቀንበሩን ጠርቦ የሰጠውን ሰው ከልጅ ዓይን ይሸፍኑት ነበር፤ እዚህ ሥራው ከነጌጡ ምሰሶ ላይ ሊወጣ ነው። ለእኔ ይህ አይበቃኝም። ሽማግሌው ግን እንደ እኔ አይነጫነጩም፤ ሥራ ይዘዋል።

ምሰሶው ሲተከል ክርክር ተነሣ። ሽማግሌው፣ «የቤት በር ወደ ኢየሩሳሌም ነው የሚዞረው» ብለው ድርቅ አሉ። ልጁ አፈረ፤ ለወፍ ቤት ኢየሩሳሌም ምኗ ነው! ኃላፊዋ ግን እዚህ አገር የተደረገ ጥናት ጠቀሰች። ምሥራቅ የሚያይ ሣጥን ከከሰዓት በኋላው ፀሐይ ስለሚድን ጉጉቶች አብዝተው ይገቡበታል። ኢየሩሳሌም ከጋን ያቭኔ በየት በኩል ናት? በምሥራቅ! ሣጥኑ ዞረ፤ ሁሉም እኔ አሸነፍኩ አለ።

የሁለተኛውን ሣጥን በር ልጁ እንዲቀርጸው ተሰጠው። ድንበሩን ሳይመታ ገፋ፤ ሳንቃው እንደተባለው እስከ ጫፉ ተሰነጠቀ። ሽማግሌው አንሥተው አዩትና ወደ ማገዶው ወረወሩት።

«ድገመው።»

«አባባ፣ የተሰነጠቀውም ሰዓት ይቆጠርልኛል?»

«እሱን ሴትዮዋን ጠይቃት። አሁን መሮውን አቀብለኝ፤ ዶልዱሟል።»