ዳቦው ከተረቱ ሲቀድም

አያቶቻችን ተረት ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉን ነበር። ዳቦው የሚጠየቀው ተረቱ ካለቀ በኋላ እንደነበር ልብ እንበል። በቴሌቪዥን ዘመን ይህ ሥርዓት ተገልብጧል፤ ተረቱ ዳቦ እስካመጣ ድረስ እንዲያልቅ አይፈለግም። «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ አጨራረስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1953 ቢቢሲ «ዘ ኳተርማስ ኤክስፐሪመንት» የተሰኘ ባለ6 ክፍል አስፈሪ ድራማ በቀጥታ አስተላለፈ። ወደ ጠፈር ከሄዱት ሦስት ሰዎች የተመለሰው አንድ ነበር፤ እሱም ቀስ በቀስ ወደ አውሬነት ተለወጠ። በመጨረሻው ክፍል የታየው አውሬ ጓንት ያጠለቁ እጆች ነበሩ፤ ደራሲው ናይጀል ኒል ራሱ በዌስትሚንስተር አቤይ ፎቶግራፍ ቀዳዳ አሾልኮ ያንቀሳቅሳቸው ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ሲተላለፍ ኒል ድርሰቱን ገና አልጨረሰም። ሲጨርሰው ግን ወደ መነሻው ተመለሰ፦ ፕሮፌሰር ኳተርማስ በአውሬው ውስጥ የተዋጡትን ሦስቱን ሰዎች ተማጸነ፣ ሰውነታቸውን አስታወሳቸው፤ አውሬውም ራሱን አጠፋ።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1993፣ የክሪስ ካርተር «ዘ ኤክስ ፋይልስ» በፎክስ ጣቢያ ጀመረ። በመጀመሪያው ክፍል መብራት በጠፋበት የሞቴል ክፍል ውስጥ፣ በሻማ ብርሃን፣ የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪው ሙልደር ለባልደረባው ለስካሊ ምሥጢሩን ይነግራታል። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ የ8 ዓመት እህቱ ከአልጋዋ ጠፍታለች። የድራማው ሁሉ ጥያቄ እዚያ ነበር።

ድራማው ተወደደ፤ የተወደደ ገበያ ደግሞ በጊዜ አይዘጋም። የእህቱ ዕጣ በ2000 ቢነገርም ታሪኩ ቀጠለ። በ2002 የቀረበው መዝጊያ አብዛኛውን ጊዜውን በችሎት ትዕይንት የኋላውን በመዘርዘር ቢያባክንም፣ በመጨረሻ ሁለቱን ወደ ሞቴል ክፍል መልሷቸዋል። በዚያው ቢበቃ ይቅር በተባለ ነበር። በ2016 እንደገና ተከፈተ፤ መጋቢት 21 ቀን 2018 ደግሞ 218ኛውና የመጨረሻው ክፍል ታየ። ስካሊ ለዓመታት ያነባችለትን ልጇን ዊልያምን «የሙከራ ውጤት ነበር» ብላ በጥቂት ቃል አሰናበተችው፤ ወዲያው ደግሞ ማርገዟን ተናገረች። ተመልካቹን ያስቀየመው ምሥጢሩ ሳይፈታ መቅረቱ ብቻ አልነበረም። የተለቀሰለት ሐዘን እንደ ዋዛ መጣሉ ነው።

ሆኖም ትምህርቱ ከነጭራሹ አልጠፋም። ከድራማው ጸሐፊዎች አንዱ የነበረው ቪንስ ጊሊጋን፣ በኋላ የሠራውን «ብሬኪንግ ባድ»ን ዝናው ጣሪያ በነካበት ጊዜ፣ በ2013፣ በ62 ክፍል ቋጭቶታል።

አሁን ደግሞ ራያን ኩግለር «ዘ ኤክስ ፋይልስ»ን በአዲስ መልክ ሊሠራው ተነሥቷል። የሚወርሰው ያልተፈታ ምሥጢር ብቻ አይደለም፤ ያቺን ሻማም ነው። እኛም ከወቀሳው ድርሻችንን እንውሰድ፦ ዳቦውን ይዘን «አንድ ምዕራፍ ጨምሩልን» ስንል የኖርነው እኛው ተመልካቾቹ ነን። ባለተረቱ «ተረቴን መልሱ» ሲል ዳቦውን ሰጥተን እናሰናብተው።